ለሩቁ ጥቁር እያዘንን የቅርቡን ስናርቅ

 

የምኖረው በወረታ ከተማ ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር የሚለያይባት ይህች ከተማ መንገደኛም ሩዝም ወሬም አይጠፋባትም። ዛሬ ደግሞ ወሬው በመኪና ብቻ ሳይሆን በየጣራው በተተከለው ሰሐን በኩል ይገባል። በምነግድባት ትንሽ የሩዝ መደብር ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለችኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፤ እኛም እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ የዓለምን ችግር ቁጭ ብለን እንፈታለን።

በነዚህ ዓመታት በመስኮቷ ከተመላለሱት ጉዳዮች አንዱ የጥቁሮች ጉዳይ ነው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትምህርትና ሥራ፣ ስለ ፖሊስ ዱላ፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቤተሰብ መፍረስ ምሁራን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። እኛም ይህን እያየን ከንፈር እንመጣለን። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለነዚህ ውይይቶች ነው። ይህን ያህል ስናይ ምን ተማርን? ካየነውስ ወደ ቤታችን የገባው የትኛው ነው?

ስለ ሰው መነጋገርና ከሰው ጋር መነጋገር

የጥቁሮች ችግር በቴሌቪዥን ውይይት ላይ መቅረብ ከጀመረ ረዥም ዘመን ሆኖታል፤ አቀራረቡ ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1959 በኒውዮርክ በሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ «ጥላቻ የወለደው ጥላቻ» የሚል ትርጉም ያለው ዝግጅት ቀርቦ ነበር። ስለ «ኔሽን ኦፍ ኢስላም» የተሠራ ሲሆን አቅራቢው ማይክ ዋላስ፣ አብሮት የሠራው ደግሞ ጥቁሩ ጋዜጠኛ ሉዊስ ሎማክስ ነበር። ማልኮም ኤክስን ለሰፊው የአሜሪካ ሕዝብ ያስተዋወቀው ይህ ዝግጅት ነው። ይሁንና ርእሱን ብቻ ልብ ብሎ ያየ ሰው ዝግጅቱ ለማን እንደተሠራ ይገባዋል። ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ነጭ «ለመሆኑ ለምን ይጠሉናል?» ብሎ እንዲጠይቅ እንጂ «ምን አደረስንባቸው?» ብሎ እንዲጠይቅ የተሠራ አልነበረም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን ሌላ ነገር ታየ። ዶክተር ኬኔት ክላርክ የተባሉ ጥቁር የሥነ ልቦና ምሁር ደራሲውን ጄምስ ባልድዊንን፣ ማልኮም ኤክስንና ማርቲን ሉተር ኪንግን በየተራ አስቀምጠው አነጋገሩ። እኚህ ምሁር ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት እያቀረቡ፣ ንቀት በልጅ ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ያሳዩ ናቸው። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ነበር። በዚህ ዝግጅት ላይ ጠያቂውም ተጠያቂውም ጥቁር ነበሩ። ወሬው ስለ እነርሱ መሆኑ ቀርቶ የራሳቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በከተሞች የተነሣውን ሁከት እንዲያጣራ በፕሬዚዳንቱ የተቋቋመው ኮሚሽን የአገሪቱ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ዓለምን የሚያዩት በነጭ ዓይን ብቻ መሆኑን ጠቅሶ ወቀሰ። በዚያው ዓመት «ብላክ ጆርናል» የተባለ የጥቁሮች የቴሌቪዥን ዝግጅት ተጀመረ። ዝግጅቱ የጥቁሮች ነው ይባል እንጂ የበላይ አዘጋጁ ነጭ ነበር። በዚህ ምክንያት ጥቁሮቹ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ ዊልያም ግሪቭስ ለተባለው ጥቁር የፊልም ባለሙያ ተሰጠ። ልብ በሉ! ስማቸው በዝግጅቱ ላይ መጻፉ አልበቃቸውም፤ ልጓሙን ማን እንደያዘ ጠየቁ።

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም ተመልካች የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፤ ችግሩ የሚወራለት ሰው ራሱ በጠረጴዛው ዙሪያ አለ ወይ? ሁለተኛ፤ የሚጠየቀው «ምን ሆናችሁ?» ተብሎ ነው ወይስ «ምን ተደረገባችሁ?» ተብሎ? ሦስተኛ፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ እንድትቆዩኝ እጠይቃለሁ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ያስፈልጉናልና።

ከጎንደር የሄዱት ወገኖች

ለእኛ ለጎንደር አካባቢ ሰዎች የጥቁርነት ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ከወለቃ፣ ከአምቦበርና ከሌሎችም መንደሮች ወጥተው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች የአገራችን ልጆች ናቸው። እዚህ ሳሉ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻችንን የሚሠሩ፣ እንስራችንን የሚጠፈጥፉ እነርሱ ነበሩ፤ እኛ ግን «ፈላሻ» አልናቸው፤ «ቡዳ» አልናቸው፤ ልጆቻችን በምግብ ላይ እንዳያዩአቸው ሸፈንን። የቆዳቸው ቀለም ከእኛ ቀለም በምንም አይለይም ነበር። የተናቁት በእጃቸው ሥራና በሃይማኖታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ የአየር ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ስም ጠበቃቸው፤ ጥቁር ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ ለበሽተኞች ብለው የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ተጋለጠ፤ በኢየሩሳሌምም ትልቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የነርሱ ተወላጅ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል በቴሌቪዥን ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። በየጊዜው ሰልፍና ቁጣ ተነሣ፤ በየጣቢያውም ውይይት ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ንቀት ምክንያት አያጣም። አንድ ቦታ የእጅ ሥራን፣ ሌላ ቦታ ቀለምን፣ ሌላ ቦታ ዘርን ምክንያት ያደርጋል። ምክንያቱ ሲጠፋ ሌላ ይፈልጋል እንጂ አብሮ አይጠፋም።

«እኛ እንኳ እንዲህ አንልም»

በግንቦት 2012 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ጉልበት አንገቱን ተረግጦ ሲሞት ያላየ የለም። በዚያን ሰሞን በየቤቱ ሐዘን ነበር። አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን አባት እንባቸውን እየጠረጉ «አላህ ሰው አድርጎ የፈጠረውን! እኛ እንኳ በድህነታችን እንዲህ አንልም» ሲሉ ሰማሁ።

ንግግራቸው ከልብ የመጣ ነበር። ግን እውነት እኛ እንዲህ አንልም? በቋንቋችን ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ ይወረወራል። የባሪያ ንግድ በአዋጅ የተከለከለው በ1916 ዓ.ም.፣ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሰውን ከሰንሰለት ፈታ፤ ቃሉን ከምላሳችን ግን አልፈታም። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩትን ጉሙዞች በምን ስም ስንጠራቸው እንደኖርን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ ላይ መጻፍ አያስፈልገኝም።

እኛ ሙስሊሞችም ንቀትን በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ የምናውቀው ነን። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በሌላ ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። አዲስ ዓለም የተባለው የጎንደር ሰፈር የዚያ ውሳኔ ማስታወሻ ነው። አባቶቻችን መሬት ተከልክለው ሸማ ሠሩ፤ ነገዱ። ሸማቸው ተለበሰ፤ እጃቸው ግን ተናቀ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ የጠየቀውም «የዚህ አገር ሰው ነን» የሚል ቀላል ጥያቄ ነበር። በዓላችን በአገር ደረጃ የተከበረው ከዚያ ወዲህ ነው። የንቀትን ምሬት ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ ከሆንን፣ በእኛ መካከል የሚናቅ ሊኖር ባልተገባ ነበር።

በጣና ዳር ያሉት ወንድሞቻችን

ውድ አንባቢ፤ ከፎገራ ሜዳ ወደ ምዕራብ ብትጓዝ መሬቱ እየረገበ፣ ሩዙ እየለመለመ ይሄድና ጣና ላይ ይደርሳል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት መሬትና ሐይቅ የት እንደሚለያዩ አይታወቅም። በዚህ ሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይም በባሕር ዳር ዙሪያና በአባይ መውጫ አካባቢ፣ ነገደ ወይጦ የተባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። የአባይን ውኃ ተከትለን መጣን ይላሉ። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፤ ዛሬ የሚናገሩት ግን አማርኛ ነው። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው።

ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቻቸው ሰፌድና ቅርጫት ይሰፋሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይወቅራሉ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» በተባለችው የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። የጣና ደንገል በዓለም ሁሉ ታየ፤ በደንገሉ የሚኖረውን ሰው ግን ጎረቤቱ እንኳ አላየውም።

ለምን ራቁ? ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ነው። ክርስቲያኑ በዚህ ናቃቸው፤ ሙስሊሙም «እንዲህ እየበሉ ምን ዓይነት ሙስሊሞች ናቸው?» ብሎ ራቃቸው። እሺ፤ የጉማሬው ነገር በጊዜው የሚያነጋግር ነበር እንበል። ጉማሬ ማደን ግን ከቀረ ዘመን አልፏል። ምክንያቱ ሞቶ ንቀቱ ለምን በሕይወት ቀረ? ዛሬም የቡና ሲኒ የሚለይባቸው፣ ያረዱት ሥጋ የማይበላላቸው፣ ልጅ የማይሰጣቸውና ከእነርሱ የማይወሰድ ሙስሊሞች አሉ።

በዚህ ላይ ኑሮውም እየጠበበ ነው። የሚያርሱት መሬት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ከተማ ሲሰፋ የሐይቁ ዳር ለሌላ ይፈለጋል። ውኃ ሲሸሽ የሚታረሰው ዳርቻ ደንገሉን እያሳነሰው ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወሮታል፤ የኛ ፎገራም በጣም ከተጎዱት ወረዳዎች አንዱ ነው። ለእኛ እምቦጭ የዜና ርእስ ነው፤ ታንኳውን ለሚቀዝፈው ሰው ግን መረቡን የሚቀማው፣ መንገዱን የሚዘጋው ሌባ ነው።

አንድ ቅርጫት የሚያመጣልኝ የነርሱ ወገን የሆነ ሰው አለ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ የታንኳ አሠራርና የነርሱን ጭፈራ የሚያሳይ ዝግጅት ቀርቦ ነበር። ቆሞ ተመለከተና «እኛን ሲያሳዩ ሁልጊዜ እጃችንንና እግራችንን ነው የሚያሳዩ። ታንኳ ስንሠራ፣ ስንጨፍር። አፋችንን ማን ያሳየዋል?» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ጨመረ፤ «ቅርጫቴን ትወስዳላችሁ፤ እንጀራችሁን ታስቀምጡበታላችሁ። ያንኑ ቅርጫት የሰፋው እጅ ከእንጀራው ሲቆርስ ግን ምነው ደነገጣችሁ?»

አንባቢ ሆይ፤ ሦስቱን ጥያቄዎች አሁን አምጣቸው። ይህ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አለ ወይ? የለም። ምን ተደረገብህ ተብሎ ተጠይቋል ወይ? አልተጠየቀም። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የሚለወጥለት ነገር አለ ወይ? የዚህ መልስ በጣቢያው እጅ ብቻ አይደለም፤ በእኔና በአንተ እጅም ነው።

«ያ ሌላ ነው»

ነገሩን ወደ ቤታችን የሚያስገባ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በከተማችን አንድ ጨዋ ወጣት ከነዚሁ ወገኖች የተወለደች፣ የተማረች፣ ሰላቷን የምትሰግድ ልጅ ወደደ። በሐራም መንገድ ሳይሆን በኒካሕ ፈለጋት። ችግሩ አባትየው ናቸው። እኔና ሁለት ወንድሞች ለሽምግልና የተላክነው ወደ ልጅቷ ቤት ሳይሆን ወደ ልጁ አባት ቤት ነበር። አባትየው ደግሞ ማን መሰሏችሁ? በ2012 ዓ.ም. ስለ ጆርጅ ፍሎይድ ያለቀሱት እኚያው አባት ናቸው!

«አያ፤ ልጅዎ የጠየቀው ሐላል ነው» አልናቸው።

«እሱስ ልክ ናችሁ፤ ልጆቼ። ግን ያ ሌላ ነው» አሉን።

«ሌላው ምኑ ነው፣ አያ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «ሰው ምን ይለኛል? ገና ያላገቡ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ይህን ካደረግሁ ማን ነው ደጄን የሚረግጥ?» አሉ።

ይህን ስጋት አልናቅሁትም፤ እውነት ነውና። ንቀትን የሚያጸናው ክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን ልጆቹ እንዳይጎዱበት የሚፈራ ደግ ሰውም ነው። ስለዚህ በሚያውቁት መጣሁባቸው። «አያ፤ በቴሌቪዥን አብረን ሰምተን የለም ወይ? አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ቤተሰብ ወደ ነጮች ሰፈር ሲገባ ነጮቹ ምን ነበር የሚሉት? ‹እኔ ጥቁር አልጠላም፤ ግን የቤቴ ዋጋ ይወድቅብኛል› አይደለም ወይ? እርስዎ ያን ጊዜ ‹ሰበብ ነው› ብለው አልነበረም?»

ሳቁ። «በራሴ ዱላ መታኸኝ» አሉኝ።

ከመካከላችን ዲን የተማረው ወንድማችን የጁለይቢብን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወሳቸው። ጁለይቢብ ዘር የሌለው፣ መልኩም የማያምር፣ ሰው የማይቆጥረው ሰሓባ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንድ የአንሷር ቤት ልጅ ሲጠይቁለት ወላጆቿ አመነቱ፤ ልጅቷ ግን የአላህ መልእክተኛ የመረጡልኝን አልመልስም ብላ ተቀበለች። የእኛው ቢላልስ? ከሐበሻ ዘር የተወለደ፣ በመካ በባርነት የኖረ፣ ከዚያም በካዕባ ላይ ቆሞ አዛን ያሰማ እርሱ አይደለም ወይ? ከሰሓቦች አንዱ ሌላውን በእናቱ ጥቁርነት በሰደበው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንተ ውስጥ ገና የጃሂሊያ ነገር አለ ብለው የገሠጹት በእምነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ይህ የሚያሳየን ሰጋጅ መሆን ብቻውን ከዚህ በሽታ እንደማያድን ነው።

ማልኮም ኤክስም እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ ባደረገ ጊዜ ከሁሉ በላይ የገረመው ከነጭ ጋር በአንድ ሳህን መብላቱ ነበር። በአገሩ ያላገኘውን በመካ አገኘው። አንድ የጣና ዳር ሙስሊም ወረታ ቢመጣ ያንን ሳህን ያገኘዋል?

አባትየው «ጊዜ ስጡኝ» ብለውናል። ይህን ስጽፍላችሁ ጉዳዩ አልተቋጨም። ልጁም ልጅቷም እየጠበቁ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቴሌቪዥን አንመልከት ማለቴ አይደለም። የሩቁ ወንድማችን መበደል ሊያመን ይገባል። ይሁን እንጂ ለሩቁ ማዘን ወጪ የለውም፤ የቅርቡን ማቅረብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋውን በአንድ ሰው ላይ ከጣልነው ይከብደዋል፤ ከተካፈልነው ግን ይቀላል። እኚያ አባት የፈሩት የእኔንና የአንተን አፍ ነው። እኛ ሐሜቱን ብንተው፣ ከሠርጉ ቀድመን ብንገኝ፣ የልጆቻቸውን ደጅ እኛው ብንረግጥ የፍርሃታቸው ምክንያት ይጠፋል።

የመስጊድ ኮሚቴዎችም እነዚህን ወገኖች በሰደቃ ቀን ብቻ ሳይሆን በምክር ቀን ይጥሯቸው፤ ልጆቻቸው በመድረሳችን ከልጆቻችን ጋር በአንድ ምንጣፍ ይቀመጡ። የቴሌቪዥን አዘጋጆች ደግሞ ታንኳውን ካሳዩ በኋላ ማይክራፎኑን ለባለታንኳው ይስጡት፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ ደንገሉ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ራሱ ይናገር። የቤት እመቤቶች እህቶቻችንም በየረከቦታቸው ላይ የተለየች ሲኒ ካለች ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅሏት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ንቀት የሚማረው ግን ከሲኒ ነው፤ የሚረሳውም በሲኒ ነው።

አላህ ልባችንን ከኩራት ያጽዳልን። በምላሳችን ያዘንንለትን በእጃችን እንድናቀርበው ያድርገን። የሚጠብቁትንም ሁለት ልጆች ኒካሕ ያሳምርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።